ጥጃና አተር የሚጋሩት ፕሮቲን

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። መምህራችን «የከብትና የአተር የክሮሞዞም ፕሮቲን አንድ ነው ማለት ይቻላል» አሉን። እንዴት ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ ልክ ናቸው፤ አንድ ለመሆን የቀራቸው ሁለት ቦታ ብቻ ነው። መምህርሽ ያነሱት ኤች 4 የሚባለውን ሂስቶን ይመስለኛል። ሂስቶን ዲኤንኤ የሚጠመጠምበት ፕሮቲን ነው። ክር ቀሰም ላይ ሲጠነጠን አይተሻል? እንደዚያ ማለት ነው።

ኤች 4 የ102 አሚኖ አሲዶች (ፕሮቲን የሚገነባባቸው ቅንጣቶች) ሰንሰለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ተመራማሪዎች ከጥጃ ታይመስ ዕጢና ከአተር ቡቃያ የተገኘውን ጎን ለጎን አድርገው ሲያነቡት፣ 100 ቦታ ላይ አንድ ሆኖ አገኙት። የተለያዩት 60ኛውና 77ኛው ላይ ነው። እነሱንም ቢሆን ጠጋ ብለሽ እያቸው። 60ኛው ላይ ጥጃው ቫሊን፣ አተሩ አይሶሉሲን አለው። ሁለቱን የሚለያቸው አንድ ካርበንና ሁለት ሃይድሮጂን ነው። 77ኛው ላይ የጥጃው ላይሲን በአተሩ አርጂኒን ሆኗል፤ ሁለቱም ፖዘቲቭ ቻርጅ አላቸው። እንስሳትና ዕፅዋት ከተለያዩ ከ1 ቢሊዮን ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ የመጣው ለውጥ ይኸው ነው። ስንቴ ባስተምረውም አሁንም ይደንቀኛል።

ምክንያቱ ኤች 4 ሥራ የፈታ ቦታ ስለሌለው ነው። በአንድ በኩል ዲኤንኤውን ይይዛል። በሌላ በኩል ከጎኑ ካሉት ሂስቶኖች ጋር ይገጣጠማል። ጭራው ላይ ያሉት ላይሲኖች ደግሞ ጂን ሲከፈትና ሲዘጋ ምልክት ያርፍባቸዋል። የትኛውንም ብትነኪ አንድ ነገር ይናጋል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ጂናቸውም አንድ ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ ጥሩ ጠየቅሽ። አንድ አሚኖ አሲድ ዲኤንኤ ላይ በተለያየ መንገድ ሊጻፍ ይችላል። አርጂኒን ብቻውን 6 አጻጻፍ አለው። ስለዚህ ጽሑፉ ሲለዋወጥ ኖሯል፤ ፕሮቲኑ ግን አልተነቃነቀም። ለውጥ አልደረሰም ማለት አይደለም። ፕሮቲኑን የነካ ለውጥ ሁሉ ማለት ይቻላል ከትውልድ ትውልድ ሳይሻገር ቀርቷል።

ጥያቄ፦ የሰውና የቺምፓንዚን ዝምድና በዚህ መለካት ይቻላል?

መልስ፦ በኤች 4 አይሆንም። የሰው፣ የከብትና የዶሮ ኤች 4 አንድ ነው፤ የሚቆጠር ልዩነት የለም። ለቅርብ ዘመዳሞች ቶሎ የሚለወጥ ፕሮቲን ይፈለጋል። የወንድ ዘር ህዋስ ውስጥ አብዛኛውን ሂስቶን የሚተካ ፕሮታሚን የሚባል አለ። በአርጂኒን የተሞላ ትንሽ ፕሮቲን ነው። የሰውና የቺምፓንዚ ፕሮታሚን ጎን ለጎን ሲቀመጥ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።