ሃያ ተልከው አስራ አራት የተቆጠሩት ፎቶኖች

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ?

ዛሬ የማወራችሁ አንድ ሥራ ብቻ ስለሚችል የኳንተም ማሽን ነው። ሁለትና ሁለትን እንኳ አይደምርም። የሚሠራው በነጠላ የብርሃን ቅንጣቶች፣ በፎቶኖች ነው። እኔ ግን ነገሩን ከሰማሁ ጀምሮ ከልቤ አልወጣም።

መነሻው በ1987 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ ሆንግ፣ ኡ እና ማንዴል በአሜሪካ ሮቼስተር ያደረጉት ሙከራ ነው። ግማሹን ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ግማሹን የሚመልስ መስታወት አስቡ። ሁለት ፎቶኖች ከሁለት ወገን እኩል ይደርሱበታል። በምንም የማይለያዩ ከሆነ ሁልጊዜ አብረው፣ በአንድ በኩል ይወጣሉ። ለየብቻ የሚወጡት ሁለቱም ሲያልፉ ወይም ሁለቱም ሲመለሱ ነበር። እነዚህ ሁለት መንገዶች ግን እርስ በርስ ይጣፋሉ። በየት በኩል እንደሚወጡ ደግሞ ቀድሞ የሚያውቅ የለም።

አሁን መስታወቶቹንም ፎቶኖቹንም አብዙ። የእያንዳንዱን ውጤት ዕድል ለማወቅ ፐርማነንት የሚባል ስሌት ያስፈልጋል። በማትሪክስ ትምህርት ያያችሁትን፣ ከቁጥሮች ሰንጠረዥ አንድ ቁጥር የሚያወጣውን ዲተርሚናንት አስታውሱ። በቀመሩ ውስጥ ያሉትን የመቀነስ ምልክቶች ሁሉ መደመር አድርጓቸው። በቃ፣ ፐርማነንት እሱ ነው። ቀላል ይመስላል አይደል? ግን ዲተርሚናንትን በቅጽበት የሚጨርስ ኮምፒውተር እዚህ ይንገዳገዳል። አንድ ፎቶን በተጨመረ ቁጥር ሥራው እጥፍ ገደማ ይሆናል።

በ2011 እ.ኤ.አ. የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዎቹ ስኮት አሮንሰንና አሌክስ አርኪፖቭ "ቦሶን ሳምፕሊንግ" የሚባለውን ሐሳብ ይዘው መጡ። ቦሶን ፎቶን የሚመደብበት የቅንጣት ዓይነት ነው፤ ሳምፕሊንግ ደግሞ ናሙና ማውጣት። ፎቶኖቹን ልቀቋቸው፣ የት እንደወጡ ቁጠሩ ነው ነገሩ። ልብ በሉ፣ ማሽኑ ፐርማነንቱን አስልቶ አይነግረንም። በዚያ ዕድል መሠረት ዕጣ ያወጣል እንጂ። ለመደበኛ ኮምፒውተር ይህን ዕጣ አስመስሎ ማውጣት ራሱ ከባድ ነው ተብሎ ይታመናል።

በ2013 ኦክስፎርድ፣ ብሪዝበን፣ ቪየናና ሮም ያሉ ቡድኖች በሦስትና በአራት ፎቶን ሞከሩት። በ2019 ደግሞ የቻይናዋ ኸፌይ ተመራማሪዎች 20 ነጠላ ፎቶኖችን 60 መንገድ ባለው መሣሪያ ውስጥ ላኩ። እስከ 14 ድረስ ቆጠሩ።

የቀሩትስ የት ገቡ? መንገድ ላይ ጠፉ። መስታወቱ ዋጣቸው፣ ወይም መቁጠሪያው ሳያያቸው አለፉ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ፎቶን በጠፋ ቁጥር ለመደበኛው ኮምፒውተር ሥራው ይቀልለታል፤ የማሽኑም ብልጫ ይሸረሸራል። ስለዚህ የዘርፉ ትልቁ ትግል ያለው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። በተፈለገ ጊዜ አንድ፣ አንድ ብቻ ፎቶን የሚሰጥ ምንጭ ያስፈልጋል። ከፊተኛው በምንም የማይለይ ፎቶን፣ እስከ መቁጠሪያው ሳይጠፋ የሚደርስ።

አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።