ያልረጋው ወተት

የተከበራችሁ የቢሾፍቱ ወተትና ዶሮ አርቢዎች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንደምን አደራችሁ።

ሰብሳቢያችን 15 ደቂቃ ሰጥተውኛል። 20 እንደማደርገው ግን ያውቃሉ።

ይህ ሳምንት ጀርሞች መድኃኒት መላመዳቸውን ለማስታወስ በዓለም ዙሪያ የሚታሰብ ሳምንት ነው። በየዓመቱ ከኅዳር 9 እስከ 15 ይውላል። እኛ ደግሞ በመሃሉ የራሳችን ቀን አለን፤ ኅዳር 12። ትናንት ጭሱ ዓይናችንን ሲያቃጥለው የዋለው ለዚሁ ነው። ኅዳር ሲታጠን። አያቶቻችን በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲያራቁታት ያዩትን ነው እኛ ዛሬም ቆሻሻ እያቃጠልን የምንዘክረው።

ያ በሽታ ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ ቫይረስ ነው። በዓለም ላይ ከሞቱት ብዙዎቹን የጨረሰው ግን ቫይረሱ ብቻውን አልነበረም። እሱ ያደከመውን ሳንባ ተከትሎ የገባው ባክቴሪያ ነው። ዛሬ ጤና ጣቢያ ሄደን በመርፌና በኪኒን የምንገላገለው የሳንባ ምች ማለት ነው። ያን ጊዜ መድኃኒቱ አልነበረም። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን ያገኘው ከ10 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። እኚሁ ሰው በ1945 የኖቤል ሽልማታቸውን ሲቀበሉ አንድ ስጋት ተናገሩ። ማንም ሰው መድኃኒቱን ከሱቅ እየገዛ፣ ከሚበቃው አሳንሶ እየወሰደ ጀርሙን የሚያለማምድበት ጊዜ እንዳይመጣ ፈሩ። ያ ጊዜ መጣ። ለሰው ብቻ አይደለም፤ ለላምም ለዶሮም መጣ።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልግባ።

ሞተር ሳይክሌ ላይ ሳጥኔን አስሬ በየግቢያችሁ መግባት ከጀመርኩ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል። ውሾቻችሁ እንኳ አይጮኹብኝም። ነገሩ የሆነው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። እርጎና አይብ እየሸጡ ልጆች ያሳደጉ አንዲት ጎረቤት ነበሩኝ። እማማ ነው የምላቸው። አንድ ጠዋት በሬን አንኳኩ።

‹‹ዶክተር፣ ወተቱ አልረጋ አለኝ።››

‹‹እማማ፣ እኔ የላም ሐኪም ነኝ እንጂ የወተት ሐኪም አይደለሁም›› ብዬ ቀለድኩ። አልሳቁም። ሦስተኛ ቀናቸው ነበር።

ያላደረጉት ነገር የለም። ቅሉን አጥበው በወይራ አጠኑት። አልሆነም። በጥንጁት ደገሙት። ሌላ ቅል ቀየሩ። ብርዱ ይሆናል ብለው ምድጃው አጠገብ አሳደሩት። ከድሮው እርጎ እርሾ ጨመሩበት። አንዷ ጎረቤት ደግሞ ‹‹ዓይን ገብቶበት ነው›› ስላለቻቸው ቅሉን በነጠላ ሸፍነው ጓዳ ደበቁት። ወተቱ ወይ ፍንክች! እንደገባ ፈሳሽ ሆኖ ይገኛል። የሦስት ቀን ወተት ደፍተዋል። ደንበኞቻቸው ወደ ሌላ ሄደዋል።

‹‹ወተቱን ከማን ነው የሚገዙት?›› አልኳቸው። የቤቱን ስም ሲነግሩኝ ላብ አጠመቀኝ።

በዚያው ሰሞን የዚያን ቤት ላም ያከምኩት እኔ ነኝ። የጡት በሽታ ይዟት ነበር። መርፌውን ወጋሁ። ቱቦውን ወደ ጡቷ ጨመቅሁ። ለሚቀጥሉት ቀናት የሚሆነውን መድኃኒት ሰጠኋቸው። ሂሳቤን ተቀበልኩ፤ ቡናዬን ጠጣሁ፤ ወጣሁ። ‹‹ወተቱን አትሽጡ›› አላልኩም። ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ተምሬዋለሁ፤ ፈተና ላይም ጽፌዋለሁ። ግን ቤቱ የሚተዳደረው በዚያች ላም ነው። ድፉት ብላቸው በሚቀጥለው እንደማይጠሩኝ ገብቶኛል። ‹‹ምንም አይል›› የሚላቸውን ሰው ይጠራሉ። ስለዚህ ዝም አልኩ።

ወተት የሚያረጉት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ደጎቹ። መድኃኒቱ ደጉን ከክፉው አይለይም። የላሟን ጡት ያሳበጠውን ጀርም ሊገድል ገብቶ፣ በወተቱ ወጥቶ የእማማን እርሾ ገደለ። እማማ ላቦራቶሪ የላቸውም፤ ቅላቸው ግን ከእኔ ቀድሞ ነገሩን ደረሰበት። (እርጎ ከረጋ ወተቱ ንጹሕ ነው ማለት እንዳልሆነ ልብ በሉልኝ። የመድኃኒቱ ቅሪት ትንሽ ከሆነ ሊረጋም ይችላል።)

ያን ወተት ሌሎች ቤቶችም ገዝተውታል። ሕፃናት ጠጥተውታል። ወተት አልረጋም ብሎ ይናገራል፤ የሕፃን አንጀት ግን ወዲያው አይናገርም። ማፍላትም አያድንም። ማፍላት ጀርሙን ይገድላል እንጂ የመድኃኒቱን ቅሪት አብዛኛውን ጊዜ አያጠፋውም። ለፔኒሲሊን አለርጂ ያለበት ሰው ደግሞ በዚሁ ወተት ሊታመም ይችላል።

ቅሪቱ የነገሩ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ላሟ ሆድ ውስጥ ነው ያለው። በየሰበቡ ስንወጋት ደካማው ባክቴሪያ ይሞታል፤ መድኃኒቱን የቻለው ይቀራል፤ ይራባል፤ መቻሉንም ለጎረቤቱ ባክቴሪያ ያካፍላል። ከዚያ በእበቱ፣ በምናልብበት እጅ፣ ባልፈላ ወተት፣ በጥሬ ሥጋ ወደ እኛ ይመጣል። ጥሬ ሥጋ የምንወድ ሰዎች ነን። እኔም እወዳለሁ፤ አልዋሽም።

አሁን ዛሬ ወደዚህ ያመጣኝን ነገር ልናገር።

ወተት ይዛችሁ መሰብሰቢያው ጋ ስትደርሱ ምን ይደረጋል? ውሃ መቀላቀሉን የሚለየው ላክቶሜትር ይነከራል። መኮምጠጡን ለማየት አልኮል ጠብ ይደረጋል። ውሃ ከቀላቀላችሁ በሰው ፊት ትዋረዳላችሁ፤ ወተታችሁም ይመለሳል። መድኃኒት ስለመኖሩ ግን በየመሰብሰቢያው ማን ይመረምራል? ከአንዲት የታከመች ላም የመጣ ወተት ሙሉውን በርሜል ሊያበላሽ ይችላል። ታዲያ ውሃ የቀላቀለ ሌባ ይባላል፤ መድኃኒት የቀላቀለ ደንበኛ ይባላል! ይህ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።

እዚህ ላይ ልታጨበጭቡ እንደምትችሉ አውቃለሁ። ቆዩ፤ ቀጥሎ እናንተ ናችሁ።

በሁዳዴ ላም ብትታመም ወተቷን ለመድፋት ማናችንም አናመነታም። ገዢ የለማ! የፋሲካ ሰሞን የታመመች ላም ወተት ግን በመርፌው ማግስት ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባል። መድኃኒቱ ጾምና ፍስክ ያውቃል እንዴ? እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ለወተት ከጥቂት ቀናት እስከ ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መጠበቅ አለበት። ለሥጋ ደግሞ እስከ 28 ቀንና ከዚያም በላይ የሚጠይቅ አለ። ብልቃጡ ላይ ተጽፏል። ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ ያውም ትንኝ በምታህል ፊደል።

ቢሆንም ሙሉ ፍርድ ልፈርድባችሁ አልችልም። በቀን 15 ሊትር የምትሰጥ ላም በ5 ቀን 75 ሊትር ነው። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ነው፤ የመኖ ዕዳ ነው። በየስብሰባው ‹‹ድፉት›› ይሏችኋል። ‹‹ድፉት›› የሚለው ሰውዬ የአንድ ሳምንት ደመወዙን ደፍቶ ያውቃል? ወተቱን የሚገዛው ድርጅት ከኪሳራው አንድ ሊትር ተካፍሎ ያውቃል? ጤናው የሁላችን ነው ይባላል፤ ሂሳቡ ሲመጣ ግን የአርቢው ብቻ ይሆናል። በዚህ አካሄድ መቶ ዓመት ብንሰበሰብ ወተቱ አይደፋም። ይሸጣል። አሁን ማጨብጨብ ይቻላል።

ዶሮ አርቢዎች፣ አልረሳኋችሁም። ፈንግል ሲገባ ከሰው ፋርማሲ የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ገዝታችሁ፣ ፈልቅቃችሁ ውሃ ውስጥ ትበትናላችሁ። ፈንግል ቫይረስ ነው፤ ቴትራሳይክሊን የባክቴሪያ መድኃኒት ስለሆነ አይነካውም። ዶሮዎቹ ይሞታሉ፤ የተረፉት ሆድ ውስጥ መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ይቀራል። ክትባቱ ደግሞ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው የሚመረተው። በባጃጅ የሚደረስበት ቦታ!

ሕግ የለም እንዳንል የእንስሳት መድኃኒትና መኖን የሚቆጣጠር አዋጅ አለን፤ ቁጥር 728/2004። የገበያ ቀን ወጣ ብላችሁ እዩ። ኦክሲቴትራሳይክሊን ከሳሙናና ከባትሪ ድንጋይ ጎን ተደርድሮ ፀሐይ ይሞቃል።

የውጭውን በአጭሩ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ከብት ለማፋፋት መኖ ውስጥ አንቲባዮቲክ፣ ማለትም ባክቴሪያ ገዳይ መድኃኒት፣ መጨመርን ስዊድን በ1986፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2006 ከለከሉ። አሜሪካም ለሰው ሕክምና የሚያስፈልጉትን ለማፋፊያ መጠቀም በ2017 አስቆመች። በ2015 ቻይና ውስጥ ኮሊስቲን የተባለውን፣ ሐኪሞች ሌላው ሁሉ ሲያቅት የመጨረሻ ብለው የሚያስቀምጡትን መድኃኒት ባክቴሪያ እንዲቋቋም የሚያደርግ ዘረመል በአሳማዎች፣ በገበያ ሥጋና በታካሚዎች ላይ ተገኘ። በ2019 በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች መድኃኒት በለመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ እንደሞቱ ተገምቷል። ሁሉም ከበረት የመጣ አይደለም፤ ሰው በራሱ ኪኒን ያመጣውም ብዙ ነው።

ለማኅበራችን ሁለት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ አባል በሊትር ጥቂት ሳንቲም ያዋጣ፤ ገዢዎችም ያንኑ ያህል ይጨምሩ። ላሙ በሐኪም የታከመችበት አባል ወተቱን ሲደፋ የዋጋውን ግማሽ ከዚያ ያግኝ። ለጥጃ አጠጣዋለሁ አይባል፤ ጥጃው ሆድ ውስጥ ያለው ባክቴሪያም መድኃኒቱን ይለምዳል። ሁለተኛ፣ የታከመች ላም እግር ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰር፤ አላቢው እንዳይሳሳት። ከዛሬ ጀምሮ ጨርቁን የማስረው እኔው ነኝ፤ ጨርቁ ካልታሰረ መርፌ አልወጋም። ገንዘቡን ግን እናንተ ናችሁ የምትወስኑት፤ ሰብሳቢያችን ከምሳ በፊት ለድምፅ እንዲያቀርቡልኝ እለምናለሁ።

እማማ ከኋላው ወንበር ተቀምጠዋል። ያን ቀን ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ስነግራቸው የደፉትን የሦስት ቀን ወተት ሂሳብ ሳያጓድሉ ተቀብለውኛል። ለሻይ እረፍት የቀረበው እርጎ የእሳቸው ነው። ረግቷል።