መስኮት ዳር የነበረው ወንበር

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ።

በዚህ የምስጋና ምሽት እንድናገር ስጋበዝ «ያንን የአውቶቡሱን ምስክርነት ድገምልን» ነው የተባልኩት። ደስ አለኝ። ማታ ላይ ግን ሆዴን ቆረጠኝ። በቃሌ ስናገር አፌ እንደሚቀድመኝ ስለማውቅ ዛሬ ጽፌ መጥቻለሁ። ወረቀት እያየሁ ባነብም ታገሱኝ።

ታሪኩን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። እንዲያውም አንዳንዶቻችሁ ከእኔ አሳምራችሁ ትተርኩታላችሁ። ዛሬ ግን የሆነውን እንደሆነው ልንገራችሁ።

የሌሊት ጉዞ ነበር። ከሾፌሩ ኋላ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ መስኮት ዳር ተቀምጫለሁ። ጃኬቴን አጥፌ መስታወቱ ላይ ተደገፍኩ። እንቅልፍ ሸለብ ሊያደርገኝ ሲል አንድ ሰው ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። «ወንድሜ፣ ጉዞ ያመኛል። መስኮቱን ብትለቅልኝ?» አለኝ። እውነቱን ልናገር? ተናደድኩ። ቀድሜ መጥቼ የያዝኩት ቦታ ነዋ! ያልሰማሁ ለመምሰል ዓይኔን ጨፍኜም ነበር። እሱ ግን ቆሞ ጠበቀኝ። በመጨረሻ እያጉረመረምኩ ተነሳሁና በመተላለፊያው በኩል ያለውን የእሱን ቦታ ያዝኩ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም።

ሁለት ሰዓት ያህል እንደተጓዝን አውቶቡሱ ከቆመ የጭነት መኪና ጋር ተጋጨ። የጭነት መኪናው ግማሽ አካሉ መንገዱ ላይ ነው፤ አንድም መብራት አልበራበትም። የተመታነው በመስኮቱ በኩል ነበር። ስነቃ ጭኔ ሙሉ የመስታወት ስብርባሪ ነው። ጃኬቴን ፈለግኩት፤ እሱ ጋ ቀርቶ ኖሯል። ጭንቅላቱ ሥር አድርጎት ነበር። እኔ ግንባሬ ላይ 4 ቦታ ተሰፍቼ በማግስቱ ቤቴ ገባሁ። ሰውየው እዚያው አረፈ።

ይኸው ነው። ድምፅ አልሰማሁም፤ ሕልም አላየሁም። ተነስ ያለኝ መልአክ ሳይሆን፣ መልስ እንኳ የነፈግኩት ሰው ነው።

አሁን እዚህ መድረክ ላይ ምን ብዬ እንደነበር አስታውሱ። የመጀመሪያ ጊዜ ስመሰክር «አንድ ሰው ቦታ ቀይረኝ አለኝ» ነበር ያልኩት። እናንተም «አሜን» አላችሁ፤ ለስለስ ያለች አሜን። በሁለተኛው ጊዜ «ውስጤን ተነስ ተነስ አለኝ» አልኩ። ጭብጨባው ደመቀ። ሦስተኛው ላይ መንፈስ ቅዱስ በጆሮዬ «ከዚህ ወንበር ውጣ» ሲለኝ ቁልጭ አድርጌ ሰምቼ ቁጭ! ጣሪያው ሊነሳ ምንም አልቀረውም። ሰውየው ደግሞ በተነገረ ቁጥር እየሳሳ ሄደ። መጀመሪያ «አንድ ወንድም» ነበር፤ ቀጥሎ «ሌላ መንገደኛ» ሆነ፤ ከዚያ ከነጭራሹ ጠፋ።

ዋሸሁ። እናንተም በጭብጨባችሁ አገዛችሁኝ። ቅር አይበላችሁ፣ የሆነው ይኸው ነው።

ሦስተኛውን ጊዜ በመሰከርኩበት ቀን ከኋላ ወንበር ላይ አንዲት እህት ተቀምጣ ነበር። ፕሮግራሙ ሲያልቅ በር ላይ ጠበቀችኝ። አልተቆጣችም። «ወንድሜ፣ መስኮት ዳር የተቀመጠው ባለቤቴ ነው» አለችኝ። ትንሽ ዝም ብላ ቆይታ ደግሞ «እግዚአብሔር አንተን ተነስ ሲልህ፣ የእኔን ባል ተቀመጥ ያለው ማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት መልስ ሳይሆን ቅሬታ ነው።

ቅሬታዬ ይህ ነው። «ጌታ ስለሚወደኝ አተረፈኝ» ስንል ሳናስበው ያልተረፈውን አይወደውም ማለታችን ነው። እንዲህ አላልንም ብለን እንከራከራለን። ልጁን ቀብሮ መጥቶ እዚህ የተቀመጠ አባት ግን ይሰማዋል። «አውሮፕላኑ በአምስት ደቂቃ አመለጠኝ፣ ከወደቀውም ተረፍኩ» ብሎ አንዱ ሲመሰክር ሆ እንላለን። የተሳፈሩትስ? እነሱ እናት የላቸውም? ተንበርክካ የጸለየችላቸው እናት? እዚህ ጋ አታጨብጭቡ፣ አደራ። ጭብጨባ ያደረሰን እዚህ ነው።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12ን ስንት ጊዜ ሰበክነው? ጴጥሮስ በ16 ወታደሮች እየተጠበቀ፣ በሁለት ሰንሰለት ታስሮ ተኝቷል። መልአኩ ጎኑን መታው፣ ሰንሰለቱ ወደቀ፣ የብረቱ በር በራሱ ተከፈተ። ድንቅ ነው! ችግሩ ስንሰብከው ሁልጊዜ ቁጥር 2ን መዝለላችን ነው። እዚያ ቁጥር ላይ ሄሮድስ የዮሐንስን ወንድም ያዕቆብን በሰይፍ ገደለው። በቃ፣ አንድ መስመር። ያዕቆብም እንደ ጴጥሮስ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ጌታ በተራራው ላይ ሲለወጥ ከጴጥሮስና ከወንድሙ ከዮሐንስ ጋር አብሮ አይቷል። እምነት ጎድሎት ነው የሞተው? ቤተ ክርስቲያን ለጴጥሮስ ጸልያ ለእሱ ሳትጸልይ ቀርታ ነው? እንዲህ ብሎ የሚደፍር ካለ ይነሳና ይናገር። ደግሞ ያን ሌሊት የዮሐንስን ልብ አስቡት። የጓደኛው ሰንሰለት ተፈታ፤ የወንድሙ አንገት ግን ተቀልቷል። አብሮ ሲያመሰግን ምን ተሰምቶት ይሆን? መጽሐፉ አይነግረንም። እኔ ግን ከዚያች እህት ጋር በር ላይ ከቆምኩ ወዲህ ዮሐንስን ሳላስብ ምዕራፉን ማንበብ አልቻልኩም።

የሰሊሆምም ግንብ አለ፤ ሉቃስ 13። ግንቡ ወድቆ 18 ሰው ገደለ። ጌታ «እነዚህ ከሌላው ይልቅ በደለኞች ይመስሏችኋልን?» ብሎ ጠየቀ። አይደለም ብሎም መለሰ። ከዚያ ፊቱን ወደ ተረፉት አዞረ። እንኳን ደስ አላችሁ አላላቸውም። ንስሐ ግቡ ነው ያላቸው።

ቋንቋችንም ያሳስተናል መሰለኝ። ከጉንፋን ዳንኩ እንላለን። ከአደጋ ዳንኩ እንላለን። ጌታን አምኜ ዳንኩም እንላለን። ሁሉም ዳንኩ ነው፤ ስለዚህ ይቀላቀልብናል። እኔ ያን ሌሊት ተረፍኩ እንጂ አልዳንኩም። የዳንኩት ከዚያ በፊት ነው፤ በመስቀሉ ነው። ከወንበር ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። አልዓዛር እንኳ ከመቃብር ወጥቶ የካህናት አለቆች እንደገና ሊገድሉት ተማከሩ። ከሞት መመለስ ከሞት ነጻ መሆን አይደለም። 10 ለምጻሞች ነጽተው «እምነትህ አድኖሃል» የተባለው የተመለሰው አንዱ ብቻ ነው።

«አስደናቂ ጸጋ» (Amazing Grace) የሚለውን መዝሙር የጻፈውን ጆን ኒውተንን ታውቁታላችሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1748 ዓ.ም. መርከቡ በማዕበል ልትሰጥም ደርሳ ወደ እግዚአብሔር ጮኸ፤ ተረፈም። በየዓመቱ ያንን ቀን ያስብ ነበር። ከመትረፉ በኋላ ግን ምን ሠራ? የባሪያ ጫኝ መርከብ ካፒቴን ሆነ! እላይ ጸሎት፣ ከታች በሰንሰለት የታሰረ ሰው። ንግዱን በአደባባይ ያወገዘው ከማዕበሉ 40 ዓመት ቆይቶ በ1788 ነው። መትረፍ ያን ያህል ነው አቅሙ። ቀሪውን ጸጋ ቀስ እያለ ሠራው።

ታዲያ እግዚአብሔር አይጠብቅም እያልኩ ነው? አይደለም። ይጠብቃል። ጌታ ስለ ድንቢጦች ሲናገር አንዲቱ እንኳ ያለ አባታችሁ አትወድቅም አለ እንጂ፣ ጭራሽ አትወድቅም አላለም። ትወድቃለች። ስትወድቅም አባት አለ። ያን ሌሊት ጌታ ከእኔ ጋር ነበር፤ መስኮት ዳር ከተቀመጠውም ጋር ነበር። የማምነው ይህንን ነው። እንዴት ብትሉኝ አላብራራውም።

ለወጣቶች ደግሞ አንድ ነገር። «ጌታ ይጠብቀኛል» እያላችሁ በፍጥነት አትንዱ፤ ቀበቶም እሰሩ። ዲያብሎስ ጌታን ከመቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር ያለው ጥቅስ ጠቅሶለት ነው። ከቆማችሁም መብራት አብሩ። ይህንን በልመና ነው የምለው።

ስለ ምስጋና መሥዋዕት የጻፍኩት ገጽ ነበር፤ ሰዓቱ ስለሄደ ዘልዬዋለሁ።

ያቺ እህት ዛሬ መጥታለች። ባለፈው ሳምንት ቤቷ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። ስለ ጃኬቱም፣ መልስ ስለነፈግኩት ምስጋናውም ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ ሳቅ አለች። «ጉዞ አሞት አያውቅም እኮ! ሲነጋ ውጭውን ማየት ስለሚወድ እንዲህ እያለ ነው ሁልጊዜ መስኮት የሚይዘው» አለችኝ። አብረን ሳቅን፤ ከዚያ አብረን አለቀስን።

ስለ እሱ ትንሽ እንድትናገር ጠይቄያት እሺ ብላለች። የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፤ ተናግራ ስትጨርስ ማንም እንዳያጨበጭብ። እህቴ፣ ነይ፣ ማይክራፎኑ ይኸው። እኔ እዚያ ከኋላ፣ አንቺ የነበርሽበት ወንበር ላይ ሆኜ እሰማሻለሁ።