ቀይ ቀበሮን የሚያድነው የውሻ ክትባት

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ ቀይ ቀበሮ ላወራችሁ ነው፤ ግማሹ ወሬዬ ግን ስለ ውሻ ነውና አትገረሙ።

ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለው እኛ አገር ብቻ ነው። አዋቂው ቢቆጠር 500 አይሞላም። ከስሜን ተራሮች ተነስቶ በወሎ፣ በመንዝ ጓሳ፣ በአርሲ አድርጎ እስከ ባሌ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው ውርጭ ምድር ላይ ተበጣጥሶ ይኖራል። ከግማሽ የሚበልጠው ባሌ ነው። ጮቄ ላይ ጠፍቷል፣ ጉና ላይም ጠፍቷል።

ማን አጠፋው ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ጠመንጃ ነው። መሬቱን ቀስ በቀስ የሚበላው እርሻና ግጦሽ ነው፣ ይሄ እውነት ነው። በአንድ ወቅት መንጋ ሙሉ የሚጨርሰው ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ባሌ ላይ እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 ተነስቷል። በ2003ቱ ዌብ ሸለቆ ውስጥ ከነበሩት ከአራቱ ሦስቱ ገደማ አልቀዋል። ዲስተምፐር የሚባለው ሌላው የውሻ በሽታ ደግሞ በመሃል በመሃል እየገባ የተረፈውን ይለቅማል።

በሽታው እንዲህ የሚፋጠነው በቀበሮው አኗኗር ምክንያት ነው። ቀይ ቀበሮ ለአደን የሚወጣው ለየብቻው ነው፤ አይጥና ፍልፈል ለመያዝ ጓደኛ አያስፈልገውም። ኑሮው ግን የቤተሰብ ነው። ጎህ ሲቀድና ጀንበር ስትጠልቅ ይሰበሰባሉ፣ አፍ ለአፍ ይላላሳሉ፣ ከዚያ ወሰናቸውን አብረው ይዞራሉ። በዓመት የምትወልደው አንዲቷ የመንጋው እመቤት ናት፣ ሌሎቹ ቡችላ ያሳድጋሉ። እንግዲህ ከዚህ ቤተሰብ አንዱ በታመመ ውሻ ተነከሰ እንበል። በሽታው ሲነሳበትም ጠዋት ጠዋት ሰላምታ ላይ ነው።

ውሻው እዚያ ምን ይሠራል? የደጋ ሰው ውሻ የሚያሳድገው ለጅብና ለነብር ነው፤ ያለ ውሻ በግና ጥጃ አያድርም። ከብቱ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ባሌ ላይ ጎዳንቱ በሚሉት የግጦሽ ዝውውር ጊዜ፣ ውሻውም አብሮ ይወጣል። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ? የባሌ ውሻ ግን በጮኸበት ብዙም አይበላም። ስለዚህ ቀን ቀን ሜዳው ላይ አይጥ ሲያሳድድ፣ ሬሳ ሲፈልግ ይውላል። እዚያ ነው ከቀበሮው ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ የሚገናኘው። ወንዱ ውሻ አንዳንዴ ከሴቷ ቀበሮ ጋር ተዳቅሎ ዲቃላ የሚያመጣውም እዚያው ነው።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በባሌ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ውሻ ይከተባል። ሥራው ቀላል ይመስላል። አይደለም።

ዒላማው ከመንደሩ ውሻ 70 በመቶውን መከተብ ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። መንደሩ 100 ውሻ አለው፣ 70ውን ከተብን። የደጋ ውሻ ዕድሜው አጭር ነው፤ በዓመቱ ሲሶው ሞተ እንበል፣ በምትኩ ያልተከተበ ቡችላ ገባ። አንድም ነገር ሳይበላሽ፣ ማንም ሳያጠፋ፣ የተከተበው ወደ 47 ወረደ። «አምና ከትበናል» ማለት ምንም የማይረባው ለዚህ ነው። በየዓመቱ መመለስ ግድ ነው፤ ቡችሎቹንም «ገና ናቸው» ብሎ ማለፍ የለም፣ ምክንያቱም ለከርሞው መንደሩን የሚሞሉት እነሱ ናቸው።

መድኃኒቱ ደግሞ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፦ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ። ሁሉም ሰው የሚፈራው ሙቀቱን ነው። ደጋ ላይ ግን ብዙ ብልቃጥ የሚበላሸው በረዶ ሲሆን ነው። አይስ ፓኩ ከማቀዝቀዣ እንደወጣ ሳጥን ውስጥ ከተከተተ ብልቃጡ ጎኑ ላይ ይረጋል፤ የረጋ የእብድ ውሻ ክትባት ቢሟሟም ጉልበቱ የለም። አይስ ፓኩ ውጭ ይቀመጥ፣ ሲያላብና ሲነቀንቁት ውስጡ ውኃ ሲንቦጫቦጭ ይግባ፤ በብልቃጡና በእሱ መካከልም ካርቶን ይደረግ። የተከፈተ ብልቃጥ ለነገ አያድርም።

ሰዓቱ ከብት ከመውጣቱ በፊት ነው። ከብት ከወጣ ውሻ የለም። የገበያ ቀንም አይሆንም፤ ባለቤቱ ገበያ ሲሄድ ቤት የሚቀረው ውሻው ነው፣ እንግዳ ሰው አያስጠጋም። ውሻውን ባለቤቱ ራሱ ይያዘው፤ ልጅ ገመድ ይዞ ከመጣ ይመለስና አባቱን ይጥራ፣ ስንት ልጅ በዚህ ተነክሷል። በአንገቱ ገመድ፣ አፉ ላይ በጨርቅ ቁራጭ የተሠራ ማሰሪያ፣ ከዚያ አንገቱና ትከሻው መካከል ያለው ቆዳ ብድግ ይደረግና 1 ሚሊ ሊትር ከቆዳው ሥር ይሰጣል። ውሻው ከተወራጨ መርፌው በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል፣ መድኃኒቱም ጠጉር ላይ ይፈሳል። ጠጉሩን ዳበስ አድርጉት፤ ከረጠበ ውሻው አልተከተበም፣ ይደገማል። ለየውሻው አዲስ መርፌ። ውሾቹ ደግሞ ተራርቀው ይቁሙ፤ ሁለቱ ከተያያዙ የዚያ ቀን ሥራ አለቀ።

ሲጨርሱ ጀርባው ላይ ቀለም ይቀባል ወይም አንገቱ ላይ ጨርቅ ይታሰራል። ለጌጥ አይደለም። በማግስቱ ማለዳ አንድ ሰው መንደሩን እየዞረ ምልክት ያለውንና የሌለውን ይቆጥራል። መዝገቡ 70 በመቶ ሲል መንገድ ላይ ከአሥሩ አራቱ ብቻ ቀለም ካላቸው፣ መዝገቡ የቆጠረው የመጡትን እንጂ የቀሩትን አይደለም። እኔ ብጠየቅ ከመዝገቡ ይልቅ የማለዳውን ቆጠራ ነው የማምነው።

ገበሬው ለምን ይተባበራል? ስለ ቀበሮው ብሎ አይደለም፣ እንዲሆንም አልጠብቅም። ያበደ ውሻ ላሙን ይነክሳል፣ ልጁን ይነክሳል። ልጁ ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብና የዚያኑ ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን የለም ማለት ይቻላል። ቅስቀሳ የምትሠሩ ሰዎች፣ ቀበሮውን ትታችሁ ከላሚቱ ብትጀምሩ ይሻላችኋል።

ታዲያ ቀበሮውን ራሱን ለምን አንከትብም? ይከተባል። በ2003ቱ ወረርሽኝ እየተያዙ በመርፌ ተከተቡ፣ ያውም ሁሉም ሳይሆኑ አንዱን ሸለቆ ከሌላው የሚያገናኙት ጠባብ መተላለፊያዎች ላይ ያሉት፤ በሽታው እዚያው ቆመ። በጥናት የተሰላውም ከቀበሮዎቹ ከ20 እስከ 40 በመቶው ቢከተብ ከመጥፋት ይድናሉ ይላል። ለውሻ 70፣ ለቀበሮ 40? ሥራው ስለሚለያይ ነው። በውሻው በኩል የሚፈለገው በሽታው ጨርሶ እንዳይዞር ነው። በቀበሮው በኩል ግን ጥቂት ይሞቱ ይሆናል፣ ዘሩ እንዳይቋረጥ ነው የምንሻው።

ቀበሮ መያዝ ግን አድካሚ ነው፣ እንስሳውንም ያስጨንቃል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ባሌ ላይ በአፍ የሚሰጥ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ተጀምሯል። የፍየል ሥጋ ቁራጭ ውስጥ መድኃኒቱ ያለበት ትንሽ ከረጢት ይቀበራል፤ በፈረስ ተጭኖ፣ ቁራና ጭልፊት እንዳይቀድሙ ሲመሽ፣ የመንጋው ወሰን ውስጥ ይበተናል። ቁም ነገሩ ማኘኩ ነው። ከረጢቱ በጥርስ ተበስቶ መድኃኒቱ የአፉን ውስጥ መንካት አለበት፤ ሳይኘክ ከተዋጠ ሆድ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ስለዚህ ቀበሮው ሳያኝክ እንዳይውጠው የቁራሹ መጠን ቀልድ አይደለም።

ይህ ሁሉ ክትባት ሣር ከሌለ ከንቱ ነው፤ ሣር ከሌለ አይጥ የለምና። መንዝ ጓሳን ብቻ አንስቼ ልለፍ። እዚያ ሕዝቡ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት፣ በሁለቱ የአካባቢው አባቶች፣ በአስቦና በጌራ ልጆች ተከፍሎ፣ የጓሳውን ሣር ለሦስት ለአምስት ዓመት እየዘጋ፣ ሲደርስ ደግሞ በአንድ ቀን አስከፍቶ ለክዳን፣ ለገመድ፣ ጌሳ ለሚባለው የዝናብ ልብስ ያጭድ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስቱን ሲያነሳ ሥርዓቱም አብሮ ተናጋ፤ በኋላ በመተዳደሪያ ደንብ ቆመ። ዛሬም የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። እዚያው ጭላዳ ዝንጀሮ መሃል የሚያድን ቀበሮ ከሦስት ሙከራው ሁለቱ ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲሆን ከአራት አንዱ፤ የዝንጀሮው ግጦሽ አይጡን ሳያዘናጋው አይቀርም። ሣሩ ከሌለ ግን ጭላዳውም የለም።

እናንተስ? ባሌ ወዳለው የሳነቲ አምባ የምትወጡ ከሆነ፣ ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ አምባውን መሃል ለመሃል ይሰነጥቀዋል፤ ማለዳና ምሽት ላይ ቀበሮው መንገድ ላይ ነው፣ እግራችሁን ከነዳጁ ላይ አንሱ። ውሻ ይዛችሁ አትውጡ። ፎቶ እንዲመችላችሁ ብላችሁ ዳቦ አትወርውሩ፤ መኪና ሲያይ የሚጠጋ ቀበሮ ጎማ ሥር ይገባል። ገጠር ዘመድ ያላችሁ፣ እዚህም ውጭ አገርም ያላችሁ፣ በስልክ «ውሻው ዘንድሮ ተከተበ?» ብላችሁ ጠይቁ።

የሞተ ቀበሮ ካያችሁ አትንኩት። በጫማም ቢሆን አታገላብጡት። የቆማችሁበትን ቦታ በስልካችሁ ላይ ያዙ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ፣ ከሩቅ ፎቶ አንሱ፣ ቅርብ ላለው ስካውት፣ ማለትም የፓርክ ጠባቂ፣ ወይም ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት የዚያኑ ቀን ንገሩ። ነገ እነግራለሁ አትበሉ። የእብድ ውሻ በሽታ ይሁን ዲስተምፐር የሚለየው በናሙና ነው፣ ለእብድ ውሻ በሽታ የሚያስፈልገው ደግሞ አንጎሉ ነው፤ ፀሐይ ከመታው ወይም አሞራ ከቀደመ ናሙናው የለም። የትኛው በሽታ እንደሆነ ካልታወቀ ደግሞ ባለፈረሶቹ ሥጋውን ጭነው ይውጡ አይውጡ የሚወስን ሰው የለም።