የአራስ ቤት ክረምት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ጠፋሽ ያላችሁኝ ሁሉ ልክ ናችሁ። ጠፍቻለሁ። ምክንያቱ አሁን አጠገቤ ተኝታለች። ግንቦት መጨረሻ ላይ ተወለደች። ሴት ናት፣ ደህና ናት፣ እኔንም ማርያም ማረችኝ። መልእክት ልካችሁ ያልመለስኩላችሁ አትቀየሙኝ፤ በአንድ እጅ ልጅ፣ በአንድ እጅ ስልክ የሚሆንላቸው ሴቶች አሉ፣ እኔ ገና አልቻልኩበትም።

ዛሬ ዝግጅታችን ላይ እንግዳ የለም፣ እኔው ብቻ ነኝ። ዓመቱ ሲገባ ሥራ እመለሳለሁ። ከዚያ በፊት ስለዚህ ክረምት ትንሽ ላውራ ብዬ ነው። ጣራው ላይ የምትሰሙት ዝናቡን ነው። ዛሬ ጳጉሜን 3፣ ሩፋኤል ስለሆነ የግቢው ልጆች ወጥተው እየተጠመቁበት ነው። ጩኸታቸው ከገባ ይግባ፣ አልቆርጠውም።

እንግዲህ ክረምት መግቢያ ላይ የወለደች ሴት አንደኛው ጭንቀቷ ፀሐይ ናት። ሐኪሞቹ “ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቂያት” ይላሉ። ለቫይታሚን ዲ፣ አጥንቷ እንዲጠነክር። እሺ፣ ግን የቷን ፀሐይ? በሐምሌ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ቀጠሮ አትሰጥም። ስለዚህ ግቢያችን ውስጥ ማንም ያላወጣው ሕግ ተፈጠረ። መጀመሪያ ያያት ሰው “ፀሐይ ወጣች!” ብሎ ይጮኻል። ያኔ ሁሉም ነገር ይጣላል። እናቴ ድስቱን ከእሳት ታወርዳለች። የጎረቤት ልጅ በርጩማ ያወጣልኛል። እኔ ልጅቷን ፈትቼ፣ ጉልበቴ ላይ በሆዷ አስተኝቼ፣ ጭንቅላቷን በነጠላዬ እከልላለሁ። ጀርባዋ ላይ ገና ያልረገፈ ስስ ፀጉር አላት፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ወርቃማ ይሆናል። በዚያው ፍጥነት ጨርቆቿ ገመድ ላይ ይሰጣሉ። ትንሽ ቆይቶ ከእንጦጦ በኩል ይጠቁራል፣ ሁላችንም ሰብስበን እንገባለን። ያልደረቀው ሳሎን ውስጥ ይሰቀላል። ክረምቱን ሙሉ ቤታችን የመጣ እንግዳ እርጥብ ጨርቅ በእጁ ገልጦ ነው ሶፋው ጋ የደረሰው።

ይሄን ያነሳሁት ለጨዋታ ያህል ብቻ አይደለም። ክረምቱን ያየሁት፣ የሰማሁት፣ ያወራሁት ሁሉ በዚሁ ሕግ ነው የሆነው። ድሮ ሙዚቃ ለመስማት ምሽቱ በሙሉ፣ ሥዕል ለማየት ቅዳሜ በሙሉ ያስፈልገኛል ብዬ ነበር የማምነው። አሁን ሲገለጥ ሮጦ መውጣት፣ ሲዘጋ መግባት። እና እውነቱን ልንገራችሁ፣ የተቀነሰብኝ ነገር ያን ያህል አይታየኝም።

እናቴ ከደሴ የመጣችው ከመውለዴ በፊት ነው። እሷ ባትኖር ምን እንደምሆን አላውቅም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣታል። እኔም የዓመት እረፍቴን አክዬበት ነው እስካሁን ቤት የተቀመጥኩት። ለአባትየው ግን 3 ቀን ነው የሚሰጠው። ሦስት! ባለቤቴ እትብቷ ሳይወድቅ ቢሮው ተመለሰ። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ቤታቸው ውስጥ እናታቸው ነበረች ማለት ነው፣ ሌላ ምን እላለሁ።

እናቴ መስኮት ታዘጋለች። “አራስ ብርድ ከገባት አይወጣላትም” ትላለች። ገንፎው መሀሉ ተጎድጉዶ በቅቤና በበርበሬ ተሞልቶ ይመጣል። እሱን ሳልጨርስ አጥሚቱ ይከተላል። አንዷ ጓደኛዬ የማልጠላውን ነገር አስባ ፒዛ ይዛልኝ መጣች። እናቴ ካርቶኑን ከፍታ አየችው፣ ዘጋችው፣ “ጎሽ፣ አንቺ ብዪ የኔ ልጅ” አለቻት። እሷም ገንፎ በልታ ሄደች።

ስለ አራስ ጥየቃ አንድ ነገር ልበል። ጥሩ ልማድ ነው፣ ግን ዕድሜ ለስልክ አሁን “መጣለሁ መጣለሁ” እያሉ የሚከርሙ በዝተዋል። የልብ ምልክት ልከው ጨረስን የሚሉም አሉ። ልጅ የወለደ ጓደኛ ያላችሁ፣ ስሙኝ፦ ደውላችሁ አትጠይቁ፣ ዝም ብላችሁ ሂዱ። ሩብ ሰዓት ይበቃል። ሻዩን ራሳችሁ አፍሉ።

ከመጡት ሁሉ የማልረሳው ክራር የሚጫወተውን ጓደኛችንን ነው። ማታ ማታ የባህል ምግብ ቤት ውስጥ ይሠራል፣ ቀን ነፃ ነው። ሥራ ላይ ድምፅ ማጉያ የሚሰካበት ክራር ነው የሚይዘው። እኛ ቤት የመጣው ግን በትንሿ፣ በእንጨቷ ነው። እርጥቡን ጨርቅ ገልጦ ገባና ተቀመጠ። “እማማ፣ ምን ልጫወትልዎት?” አላት እናቴን። እሷ ጨርቅ እያጠፈች ነበር። ቀና እንኳ ሳትል “አምባሰል” አለች።

ጀመረ። ትንሽ ቆይታ እጇን አነሳች። “አንተ ልጅ፣ አምባሰልን እንዲህ አያጣድፏትም። ተራራ እኮ ናት።” ሳቅን። ግን እውነቷን ነው። አራቱ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ሲባሉ ት/ቤት ተምሬያለሁ፤ አምባሰል ከወሎ ተራራ፣ ባቲ ከወሎ ገበያ ጋር ስም መጋራታቸውንም አውቃለሁ። እናቴ ግን ሁለቱንም ቦታ በእግሯ ታውቃቸዋለች። እሱ ቀስ አለ። እሷ ዘፈነች። እናቴ ስትዘፍን በዓልና ሰርግ ላይ ነው የሰማኋት፣ እሱም ከሰው ጋር፣ በጭብጨባ። ለብቻዋ፣ ቁጭ ብላ፣ እጇ ሥራ ሳይፈታ ስትዘፍን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ድምፅዋ ላይ ላዩን ሻካራ ነው፣ ከሥር ግን አይናወጥም። ልጅቷ አልነቃችም። የነቃችው በኋላ፣ ወደ ባቲ ልለፍ ብሎ ክሮቹን ሲያጠብቅ ነው። ቅኝት በተቀየረ ቁጥር ክራር እንደገና ይቃኛል፣ እሷ ደግሞ ያን ጥዝ ጥዝ የሚል ድምፅ አልወደደችውም። ባቲ በለቅሶ ተቋረጠች።

በነገራችን ላይ እሹሩሩን ልብ ብላችሁ ሰምታችሁት ታውቃላችሁ? ግጥሙ ልጁን አይደለም የሚያናግረው፣ የሌለችውን እናት ነው። ቶሎ ነዪለት ነው የሚላት። እናቴ ልጄን አዝላ እየተወዛወዘች እኔን ትጠራኛለች፣ እኔ እዚያው አልጋው ላይ ተቀምጬ ገንፎ እበላለሁ። “እማዬ፣ አለሁ እኮ” ስላት “ዝም በዪ፣ ዘፈን ነው” አለችኝ።

ሌሊት ሌሊት ደግሞ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ነበሩ። ሰው ሁሉ ተኝቶ እኔ ሳጠባ የፒያኗቸውን ድምፅ ዝቅ አድርጌ እከፍታለሁ። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተምረው፣ ቆይተው ግሸን ማርያም መንነው፣ በመጨረሻ ኢየሩሳሌም ገዳም ውስጥ የኖሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በ99 ዓመታቸው ያረፉ ሴት ናቸው። እሳቸውን ስሰማ ሁሌም የሚገርመኝ ጣታቸው እንደልቡ መሆኑ ነው፤ ይፈጥናል፣ ይቆማል፣ የቆመበትን ትቶ ሌላ ይጀምራል። ሌሊት ልጅ የያዘ ሰው አሳቡ ልክ እንደዚያ ነው የሚሄደው። ቀን ስሰማቸው ይሄ አይገባኝም ነበር።

ክርስትናዋ የቡሄ ዋዜማ ላይ ዋለ። ሴት ስለሆነች በሰማንያ ቀኗ ነው፣ ሰማንያ ቀን ደግሞ ፍልሰታ ውስጥ ጣለን። ያለ ዶሮ፣ ያለ ቅቤ ድግስ! ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሱፍ ፍትፍት። እናቴ “የፍልሰታ ልጅ ናት፣ ምን ይደረግ” እያለች ሳምንቱን ሙሉ አጉረመረመች፣ ከዚያ ሱፉ ከሁሉ ቀድሞ አለቀና ዝም አለች። ማታ የሰፈሩ ልጆች ዱላቸውን መሬት እየመቱ ሆያ ሆዬ አሉልን። ባለቤቴ ልጅ ተኝታለች ብሎ ከበር ሊመልሳቸው ሲል እናቴ ቀድማው ከፈተች፤ ሙልሙሉ ተጋግሮ ተቀምጦ ነበር። ሲጨርሱ እንደ ደንቡ “የእማምዬን ቤት ወርቅ ይዝነብበት” ብለው መረቁን። ከኋላችን ኮሪደሩ ላይ የሚያፈስበት ባልዲ ጠብ ጠብ ይላል። ባለቤቴ “ከወርቁ በፊት ቆርቆሮ” አለ።

ከክርስትናው በኋላ መውጣት ተፈቀደልኝ። ገበያ አዳራሽ ልሂድ፣ ካፌ ልሂድ አላልኩም። ስድስት ኪሎ ውሰዱኝ አልኩ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም። የጃንሆይ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረው ነው። ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር በኋላ ለዩኒቨርሲቲው ሰጡት፣ መኝታ ቤታቸው አሁንም አለ። የሙዚየሙ አሠራር ደስ ይለኛል። ዕቃው በብሔረሰብ ወይም በዘመን አልተደረደረም፣ በሰው ዕድሜ ነው፦ ከመወለድና ከልጅነት ትጀምራላችሁ፣ ጉልምስና ትደርሳላችሁ፣ ሞትና ከሞት በኋላ ላይ ትወጣላችሁ። እኛ ልጅነት ላይ ቀረን። አለቀሰች። ጥበቃ ላይ ያለችው ሴት ወንበር ስባ አመጣችልኝ። “አጥቢያት፣ ማን ይከለክልሻል” አለችኝ።

ከዚያ ሌላውን ሁሉ ዘለን ወደ ላይ፣ ሥዕለ ማርያሞቹ ያሉበት ወጣን። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን የማርያምን በዓላትና ሥዕል አስፋፉ፣ በእሳቸው ዘመን ፍሬ ጽዮን የሚባለው ሠዓሊ ተነሣ። ከ1600 እ.ኤ.አ. አካባቢ ወዲህ ደግሞ ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ይዘውት የመጡት የሮም ሥዕል ቅጂ እዚህ ተለመደ። ምስለ ፍቁር ወልዳ የምንለውን አብዛኛውን የሠሩት ያንን እያዩ ነው። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ታክሲ ላይ ሳይቀር ተለጥፏል። ልጁ ግራ ክንዷ ላይ ነው፣ መጽሐፍ ይዟል። ቀኝ እጇ ግራዋ ላይ ተደርቦ ሁለት ጣቶቿ ተዘርግተዋል።

ዕድሜዬን ሙሉ ያላየሁት ነገር በግራ እጇ ያለውን ነው። ጨርቅ ይዛለች። የታጠፈች ትንሽ መሐረብ። የሚያውቁት ከሮም የመጣ የክብር ምልክት ነው ይላሉ፣ ልክ ናቸው። እኔ ግን ትከሻዬን አየሁ፤ ልጄ አሁን አስመልሳበት ገና ያልደረቀ ጨርቅ ጣል አድርጌበታለሁ። ወደ ሚቀጥለው ሥዕል ሄድኩ፣ ጨርቅ አለ። ወደ ሌላው ሄድኩ፣ አለ። አንዱ ሠዓሊ ጠርዙን በቀይ ጥልፍ አሳምሮታል፣ ሌላው ቸኩሎ ነጭ ቅብ ብቻ አድርጎ አልፎታል። ሮም ውስጥ የምልክቱን ትርጉም ያወቀ ይወቀው፤ እዚህ ግን አጥቢ እናት ያለበት ቤት ያደገ ሠዓሊ ለምንድን ነው ይሄ ጨርቅ ብሎ የሚጠይቅ አይመስለኝም። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየሁት። “እውነትም! አንቺ እኮ ሁለት ነው የያዝሽው” አለኝ።

ከዚያ ዘነበ፣ ተራወጥን፣ ራይድ ጠራን፣ ገባን።

ከመስከረም ጀምሮ እንመለሳለን፣ ግን ክፍሎቹ ያጥራሉ። የድሮው አንድ ሰዓት ከአሁን በኋላ የለም። እናቴ መስቀልን ደሴ ስለምትውል ከመሄዷ በፊት እሷንና የክራሩን ልጅ እዚህ ማይክ ፊት ላስቀምጣቸው አስቤያለሁ። መጀመሪያ “ምን ልበል ብለሽ ነው?” አለች። ትናንት ግን ወጥ እያማሰለች “ቀስ ብሎ የሚጫወት ከሆነ” አለችኝ። ደውዬ ነግሬዋለሁ፣ እየተለማመደ ነው።

መልካም አዲስ ዓመት።