ሽበቴን ሽምግልና ላኩት

እሺ፣ ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ ጉልበቴ የምትጠይቁኝ ሰዎች፣ አለ፣ ሰላም ብሏችኋል።

ያን የሽምግልናውን ነገር፣ ለአንድ ልጅ ሚስት ልንጠይቅ የሄድንበትን፣ ልጨርሰው። ከመጣሁ ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሏል። ልጁ "ሽማግሌ ሁነኝ" ብሎ የመጣ ቀን ያለኝን ነግሬያችኋለሁ መሰለኝ። "ጋሼ፣ እስከዚያ ፀጉርህን ቀለም እንዳትቀባ፣ አደራ!" ሚስቴ ምን ያህል እንደሳቀች... ተዉት።

እና ገባን። ሦስት ነን። ሁለቱ የምር ሽማግሌዎች ናቸው፣ ጋቢ፣ ከዘራ፣ ሁሉ ነገር። የልጅቷ አባት "ኧረ ተቀመጡ" ይላሉ፣ እኛ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" እንላለን። "ተቀመጡ እንጂ!" "የለም።" ወጉ ነው። ጉልበቴ ግን ከአባትየው ጋር ወግኗል። ትልቁ ሰውዬ ይናገራሉ ብዬ ስጠብቅ በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ። አንተ ጀምር ነው።

ምን እንዳልኩ በደንብ አላስታውስም። "ልጃችሁን ለልጃችን" ብያለሁ፣ እሱ አይቀርም። የማስታውሰው ዝምታውን ነው። አንዱ ተነስቶ ቴሌቪዥኑን ዘጋ። አባትየው አቀርቅረው ይሰሙኛል። ከጓዳ በመጋረጃው የሚያጮልቁት ልጆች እንኳ መንሾካሾካቸውን ተዉ። ሰዎች፣ እኔ መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ አፌን ስከፍት ነው እኮ ሁሉም ስልኩን የሚያወጣው!

ብልህ ነገር አልተናገርኩም። ሽበቴ ነው የተሰማው። ደስ አለኝ ደግሞ፣ በጣም። የሚከነክነኝም እሱ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ በቀለም ስደብቀው የኖርኩት ነገር ነው ያስከበረኝ። ታዲያ ምንድነው የምንፈልገው? ክብሩን ያለ እርጅናው... አይ፣ ስብከት ሆነብኝ።

ቀነኒሳን እዩት። እኩያዬ ነው (በዕድሜ ነው ያልኩት፣ አትሳቁ)። በእኛ ሚያዝያ 2016 ለንደን ላይ፣ በ41 ዓመቱ፣ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሮጦ ሁለተኛ ወጣ። ያን ቀን ሁላችንም "ዕድሜ ቁጥር ነው" ስንል ዋልን። ነሐሴ ላይ ፓሪስ ኦሎምፒክ 39ኛ ሲሆን እኛው ራሳችን "አርጅቷል፣ ይበቃዋል" አልን። በአራት ወር! ማርሽ ቀያሪው ምሩጽ ይፍጠር ነው የበለጠን። በ1972 ሞስኮ ላይ የ5 ሺህና የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ጠቅልሎ ሲወስድ ዕድሜው ስንት እንደሆነ ያወቀለት የለም። ይኼ አርጅቷል፣ ይበቃዋል የሚለውም ከየት ይጀምር?

የልጅቷን ቤተሰብ መልስ አልነገርኳችሁም እንዴ? ቀጠሮ ሰጡን። "መክረን እናሳውቃችኋለን።" ገና እንመለሳለን።

መኪና ውስጥ ስመለስ ግን የመጣብኝ አባቴ ነው። ከሰው ተጣልተው ቤታችን የሚመጡ ሰዎች ነበሩ፣ እሱ ነበር የሚያስታርቃቸው። በቃ ሽማግሌ ነበር ለእኔ፣ ጥንታዊ ሰው። አሁን ሳሰላው ያኔ ከእኔ... ቆይ፣ ያንሳል እንዴ? የሚያንስ ይመስለኛል። እናቴን ልጠይቃት ብዬ ነበር፣ ግን እሷ እንኳን የሱን የእኔንም ዕድሜ ሰው ፊት ሁለት ዓመት ቀንሳ ነው የምትናገረው። ለምን እንደምትቀንስ ደግሞ... እንጃ። ለእኔ ነው ወይስ ለራሷ...