ከሰሜን ያለው ጎረቤት

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ስለ ግሪክ ደራሲዎች ነው። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ግሪክ በሰሜን በኩል ሦስት ኮሚኒስት ጎረቤቶች ነበሯት፤ አልባኒያ፣ ዩጎዝላቪያና ቡልጋሪያ። የግሪክ ብዕር እነዚህን አገሮች እንዴት አያቸው? ይህ ጥያቄ ከያዘኝ ሰነባብቷል።

መጀመሪያ ፍርሃቱን እንረዳው። ባዶ ፕሮፓጋንዳ ብቻ አልነበረም። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ከ1941 እስከ 1944 ቡልጋሪያ የሰሜን ግሪክ ግዛቶች የሆኑትን ምሥራቅ መቄዶንያንና ትሬስን ወርራ ይዛ ነበር። ያኔ ኮሚኒስት አልነበረችም፤ የናዚ ጀርመን አጋር ነበረች። ግን ወረራውን ላየ ገበሬ፣ የጎረቤቱ መንግሥት ስለተቀየረ ቂሙ አይለቀውም። ቀጥሎ ከ1946 እስከ 1949 በግሪክ የእርስ በርስ ጦርነት መጣ። የግራው ተዋጊዎች ስንቅና መጠጊያ ያገኙት ከእነዚሁ ጎረቤቶች ነበር። ቀኞቹም የገዛ ወገናቸውን "ኤአም-ቡልጋር" እያሉ ይሰድቡት ጀመር። ኤአም የፀረ ወረራ ትግሉን የመራው የግራ ግንባር ነው።

በዚህ አየር ውስጥ ሆኖ ስለ ጎረቤት በእርጋታ መጻፍ ቀላል አልነበረም። የኮሚኒስት ፓርቲው ከ1947 እስከ 1974 ታግዶ ነበር። የመንግሥት ሥራ ለማግኘት እንኳ የፖለቲካ ታማኝነት ማስረጃ ይጠየቅ ነበር።

ታዲያ እዚያው በኮሚኒስት አገሮች የኖሩትስ? ተዋጊዎቹ በነሐሴ 1949 በግራሞስ ተራራ ሲሸነፉ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተሰደው በኮሚኒስት አገሮች ተበተኑ። ደራሲዎችም አብረው ነበሩ። ዲሚትሪስ ሃድዚስ አንዱ ነው። ለአልባኒያ ቅርብ የሆነችው የዮአኒና ልጅ ነው። ሃያ አምስት ዓመት ያህል በስደት ኖረ፤ ቡዳፔስትን ያውቃል፣ ምሥራቅ በርሊንን ያውቃል። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ስሙን ያስጠሩት ሁለቱ መጻሕፍት ስለ እነዚህ ከተሞች አይደሉም። አንዱ፣ በስደት ሳለ የጻፈው፣ ስለ ትውልድ ከተማው ነው። ሌላው ከተመለሰ በኋላ በ1976 የወጣው ሲሆን፣ በምዕራብ ጀርመን ሽቱትጋርት ስለሚለፋ ግሪካዊ ሠራተኛ ይተርካል።

ለምን? የእኔ ግምት ይህ ነው። ያስጠጋውን ቤት ማሞገስ ውሸት መሰለው፤ ማማት ደግሞ የበሉበትን ወጪት መስበር ሆነበት። በዚህ አልፈርድበትም። በእኔ ንባብ ዝምታውም ምስክርነት ነው።

ዝምታውን ከሰበሩት አንዷ አልኪ ዜይ ናት። በ1987 ባወጣችው "የአኪሌስ እጮኛ" በተባለው ልቦለድ በሶቭየት ኡዝቤኪስታን ዋና ከተማ በታሽከንት የነበሩትን ግሪካውያን ስደተኞች ከውስጥ አሳየችን። እሷም እዚያ ኖራለች። እምነታቸውን አትዘልፍም። ግን ፓርቲው ትዳራቸውንና ጓደኝነታቸውን ምን ያህል እንደገዛው ሳትሸፋፍን ትነግረናለች። ይህን ለመጻፍ ድፍረትም ፍቅርም ያስፈልጋል።

አሁን ወደምወደው ሰው ልምጣ። ሶቲሪስ ዲሚትሪዩ ይባላል፤ የተወለደው ከአልባኒያ ድንበር አጠገብ ባለ የኤፒረስ መንደር ነው። በ1993 ያወጣት ልቦለድ ቀጭን ናት፤ ግን ከስንት ወፍራም የታሪክ መጽሐፍ ትበልጥብኛለች። በጦርነቱ ረሃብ ጊዜ የመንደር ሴቶች እህል ፍለጋ ወደ አልባኒያ ይሻገራሉ። ሶፊያ የምትባለው እዚያው ትቀራለች። ከዚያ ድንበሩ ይዘጋል። በቃ፣ እዚህ ማዶ እህቷ፣ እዚያ ማዶ እሷ። ግሪክ ከአልባኒያ ጋር ያለው የጦርነት ሁኔታ ማብቃቱን ያወጀችው በ1987 ነበርና አስቡት።

ዲሚትሪዩ ስለ አልባኒያው ኮሚኒስት መሪ ስለ ኤንቨር ሆጃ ሥርዓት ትንታኔ አይሰጠንም። መጀመሪያ እህትየው ትተርካለች፣ ቀጥሎ ሶፊያ፣ በራሳቸው የገጠር አነጋገር። አገዛዙን የምናውቀው አንዲት ሴት በደረሰባት ነገር ነው። በሦስተኛው ክፍል ተራው የሶፊያ የልጅ ልጅ የስፔቲም ነው። ድንበሩ ሲከፈት አያቱ ስትናፍቃት ወደኖረችው ግሪክ ይገባል። እዚያ የጠበቀው ግን "አልባኒያዊ" የሚል ንቀት ነው። ዲሚትሪዩን የማከብረው ለዚህ ነው፤ የጎረቤትን ጭካኔ ጽፎ የራሱን አገር ጭካኔ አልደበቀም።

ከስፔቲም ጋር የሚመሳሰል መንገድ የሄደ እውነተኛ ሰውም አለ። ጋዝመንድ ካፕላኒ በጥር 1991 ከአልባኒያ በእግሩ ድንበር አቋርጦ ግሪክ ገባ። ቋንቋውን ተማረ፣ ጋዜጠኛ ሆነ። በ2006 ስለዚያ መሻገርና ስለ ስደተኛ ኑሮ መጽሐፍ አወጣ። የጻፈውም በግሪክኛ ነው። ስንት ዘመን ሌሎች የጻፉለት ጎረቤት፣ አሁን በእነሱው ቋንቋ ስለ ራሱም ስለ እነሱም ይጽፋል። በሚቀጥለው ክፍል የማወራችሁ ስለዚሁ መጽሐፍ ነው።